የየሺእመቤት ሹመት

ስልኩ መክብብ ኪስ ውስጥ ሲጮህ፣ ሳሎኑን ሞልቶት የነበረው ለቅሶ አንድ ሰው ማጥፊያውን የነካው ይመስል ቀጥ አለ።

“እሷ ናት?” አሉ እትዬ ወለተሥላሴ፣ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ሳያነሱ።

እሷ ነበረች። ስልኩ ላይ ልጁ ቢታንያ በሃያ ዓመት ጥርሷ ትስቃለች። ከጃፓን በቪዲዮ ነው የምትደውለው።

“እንዳታነሳው!” አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ የዕድሩ ሊቀመንበር። “ይሄን ሁሉ ጥቁር ለባሽ ልታሳያት ነው?”

“ካላነሳሁ ትጠረጥራለች። ትናንት ማታም ሁለቴ አላነሳሁም።”

“እንግዲያው ከቤት ውጣ። ራቅ በል። ፊትህንም ታጠብ።”

መክብብ ተነሳ። ሊልበርን የሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ በሁለት ቀን ውስጥ ግማሽ አትላንታን ውጦ ነበር፤ ግማሽ ማለትም ሲያንስ ነው። መኪናው ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ተደርድሮ፣ ማዶ ያለው አሜሪካዊ ጎረቤት የኮንሰርት ሰልፍ መስሎት መግቢያው ስንት ነው ብሎ ጠይቋል አሉ። የሚመጣው የጾም ወጥ ብዛት ደግሞ ለብቻው የሚወራ ነው። ምስሩ ብቻ አንድ ክፍለ ጦር ያጠግብ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ አንዴ በዓይኗ ገርመም አድርጋ ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር የምታውቀው ሚስቱ የሺእመቤት ግን ማክሰኞ ዕለት፣ ደንዉዲ ያለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፈች፣ ራሴን አመመኝ ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው አለ ሐኪሙ። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

መክብብ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስበትን ሚኒቫን አስነስቶ ወጣ። ይህችን ሚኒቫን ያላወቀ አትላንታን አያውቅም። ሦስት መቶ ሺህ ማይል ሄዳለች፤ ባለቤቷ ሲያወራ ደግሞ ጨረቃ ደርሳ ተመልሳለች። የጥድ ዛፍ የአበባ ብናኝ ወርዶባት ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ቢጫ ሆና ነበር። ሁለት መንገድ ተሻግሮ አንድ የተዘጋ የጎማ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረገ። ጥቁር ኮቱን አውልቆ ወደ ኋላ ወረወረ። የሥራ ኮፍያውን አጠለቀ፣ በመስታወት ፊቱን አየ፣ ዓይኑን በውሃ አራሰ። ከዚያ መልሶ ደወለ።

“ሃይ አባ! ፋይናሊ! ሞታችኋል እንዴ ስልክ የማታነሱት?”

መክብብ ሳቀ። በሕይወቱ ብዙ ከባድ ነገር ተሸክሟል፣ አንድ ጊዜ ብቻውን ፍሪጅ ሦስተኛ ፎቅ አውጥቷል፤ የዚያች ሳቅ ክብደት ግን ሌላ ነበር።

“ሥራ ላይ ነኝ እኮ የኔ እመቤት። መንገደኛ እየጠበቅሁ ነው። እዚያ መሸ አይደል?”

“ሁለት ሰዓት ተኩል። ጌስ ዛሬ የት ዋልኩ?”

“ንጉሡ ቤተ መንግሥት ጠርተውሽ ነው።”

“አባ! ሲሪየስሊ። መቃብር ዋልኩ።”

“መቃብር ምን ልታደርጊ?” ድምፁ ከሚፈልገው በላይ ጮኸ።

“ኖ፣ ኖ፣ ጥሩ ነገር ነው። ዛሬ እዚህ በዓል ነው። ቀንና ሌሊቱ እኩል የሚሆንበት። በዚህ ሳምንት ሁሉም ሰው የሞቱ ዘመዶቹን ይጠይቃል፤ ላይክ፣ ልክ ሰው ቤት እንደመሄድ። ኪሚኮ ሳን ባልዲ አሸከሙኝ፣ ብሩሽ ሰጡኝ። የአማታቸውን መቃብር አጠብን። ድንጋዩን ፈተግነው! ከዛ በእንጨት ጭልፋ ውሃ ከላይ ታፈሳለህ፣ ቀስ ብለህ፣ ላይክ ሰው ራስ ላይ እንደምታፈስ።”

ኪሚኮ ሳን፣ እትዬ ኪሚኮ እንደማለት ነው፣ ቢታንያ ለዕረፍቷ ያረፈችባቸው አሮጊት ናቸው፤ ካናዛዋ ከሚባል ከተማ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጅቷ ከጥር ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዋ ለስድስት ወር ልኳት ጃፓን ነበረች። መክብብ ይህን ለመንገደኞቹ ሲያወራ ስድስት ወሩ ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ መንግሥት ይሆናል። ኖርክሮስ ያሉ ሾፌሮች እንደሰሙት ከሆነ ቢታንያ ለጃፓኖች ጃፓንኛ እያስተማረች ነው።

“ሩዝ በጣፋጭ ቀይ ባቄላ የተለበጠ ነገር አቀረብንላት” አለች ልጅቷ። “ለአማታቸው። ከዛ እኛ በላነው። አባ፣ ባቄላ በስኳር! ፈገግ ብዬ ዋጥኩት። ደግሞ ኪሚኮ ሳን ለድንጋዩ ያወራሉ። የልጅ ልጃቸው ፈተና እንዳለፈ፣ ጣሪያው እንደተጠገነ። የሞተ ሰው የቤቱን ወሬ መስማት አለበት ይላሉ። ከዛ ወደኔ ዞረው ‘የአንቺ ቤትስ ምን አዲስ አለ?’ አሉኝ።”

“እና ምን አልሻቸው?”

“እናቴ ሱፐርቫይዘር ሆነች አልኳ! በጃፓንኛ! ኪሚኮ ሳን አጨበጨቡ። ድንጋዩን ‘ሰማሽ?’ አሉት።”

መክብብ መሪውን ያዘ። ይህን ሹመት የሰጣት እሱ ራሱ ነበር፤ ትናንት ጠዋት፣ ልጅቷ እናቴ ለምን ስልክ አታነሳም ብላ ስትጨቀጭቀው። ሥራ በዝቶባታል ቢል ይበቃ ነበር። ግን መክብብ ትንሽ ውሸት አያውቅበትም። አፉን ሲከፍት የሺእመቤት ከአሥራ ስምንት ዓመት አንሶላ ማጠፍ በኋላ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ሆና ተሾመች፣ ከሥሯ ሃያ ሰው አለ፣ ስብሰባ በስብሰባ ሆናለች። ልጅቷ ከጃፓን ድረስ እልል አለች።

“አሁንስ የት ናት?” አለች ቢታንያ። “አራት ቮይስ ልኬላታለሁ፤ አንዱንም አልሰማችውም። ተቀይማኛለች?”

“ኧረ ምን ትቀየምሻለች! ሥራ ነው። ይኸው ዛሬ ደግሞ...” መክብብ አፉ ሲሮጥ ይታወቀው ነበር፤ ፍሬን እንደበጠሰ መኪና ግን አልቆም አለው። “ዛሬ ደግሞ ማናጀር ሊያደርጓት ጠርተዋት ነው። የሆቴሉ በሙሉ።”

“ኖ ዌይ! በሁለት ቀን?”

“እናትሽ እኮ ናት።”

 ልጅቷ እጇን ዓይኗ ላይ አደረገች። “አባ፣ ታውቃለህ፣ ልጅ ሆኜ እጇ ሁሌ የሳሙና ሽታ ነበረው። እኔ ኢምባራስ እሆን ነበር። አልነገርኳትም።” አፍንጫዋን ሳበች። “ነገ ጠዋት ከመሄዴ በፊት መቃብሩ ጋ እመለሳለሁ። ማናጀር ሆነች ብዬ እነግራቸዋለሁ። አዲስ ወሬ ነው፣ መስማት አለባቸው።”

“ወዴት ነው የምትሄጂው?”

“ነግሬህ ነበር እኮ! ኪዮቶ። ከዛ ወደታች። አሥር ቀን፣ ብቻዬን፣ በባቡር። አበባው መፈንዳት ጀምሯል። እማዬን ሳማት። ቮይሴን ስማው በላት!”

ስልኩ ተዘጋ።

መክብብ የመኪናውን ኪስ ከፈተው። የሺእመቤት ስልክ እዚያ ነበር፤ ከሆቴሉ ከጫማዋና ከቁልፏ ጋር በፕላስቲክ አድርገው ነው የሰጡት። አራቱ የድምፅ መልእክቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጣቱን ወደ አንዱ አስጠግቶ መለሰው። ከነካው እዚያ ማዶ የተሰማ ሆኖ ይታያታል፤ እናቴ ሰማችኝ ብላ መልስ ትጠብቃለች። የልጁን ድምፅ እንኳ መስማት አይችልም ነበር።

የሺእመቤት ብትኖር ምን ትል እንደነበር ያውቃል። እንግዳ ሲመጣ ገና ከበሩ “መክብብ የሚነግራችሁን ለአራት እያካፈላችሁ ስሙ” ትል ነበር። አንድ ቀን ታላሃሴ ሄዶ ዓሣ ማጥመዱን ሲያወራ እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰው ፊት፣ ዓሣው የጣት ያህል እስኪሆን ድረስ አጠበበችው። አሁን የሚያጠብብለት ሰው የለም። በሁለት ቀን ማናጀር ያደረጋት ለዚያ ነው። ቅዳሜ ሊቀብራት ነው፤ ይህ አፍ ከተለቀቀ እስከዚያ ድረስ ሆቴሉን ሳይገዛላት አይቀርም።

ቀኑን በቀብር ጉዳይ ከጋሽ ገሠሠ ጋር ሲሯሯጥ ዋለ። ቤተ ክርስቲያኑ ፍትሐቱን ለቅዳሜ ስድስት ሰዓት ይዟል። የቀብር ድርጅቱ ሰውዬ እጁን አጣምሮ፣ በተለካ የሐዘን ድምፅ፣ “ከቅዳሜ በኋላ ከፈለጋችሁ የሚቀጥለው ክፍት ቀን ሐሙስ ነው” አላቸው።

“ቅዳሜ ነው” አሉ ጋሽ ገሠሠ። “ሬሳ አይቆይም።”

“ልጅቷስ?” አለ መክብብ።

“ልጅቷን ተስማምተናል። ጉዞዋን ጨርሳ ስትመጣ፣ ከኤርፖርት ተቀብለን፣ ጠዋት ሰው ሰብስበን፣ በሥርዓቱ እናረዳታለን። መርዶ ሥርዓት አለው። በስልክ ብቻዋን ላለች ልጅ አይነገርም።”

 ጋሽ ገሠሠ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ሐዘን በትከሻቸው ያዘሉ፣ ስንቱን ቤት በንጋት እያንኳኩ የሰው ልብ ሲሰበር ከሥሩ እጃቸውን የዘረጉ ናቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የእሱንም በር ያንኳኩት እሳቸው ነበሩ።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልገባችም። ሕዝቡ ለራት ተቀምጧል። መክብብ ሚስቱ ፎቶ አጠገብ ቆመ።

“እትዬ ወለተሥላሴ፣ ለልጅቷ ልነግራት ነው።”

የሚጎርስ እጅ ሁሉ ቆመ። እትዬ ወለተሥላሴ የየሺእመቤት ታላቅ እህት ናቸው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ እንጂ እህል አልቀመሱም።

“ምን አልክ?”

“ልነግራት ነው አልኩ። እዚያ አሁን ጠዋት ነው። ዛሬ ተነስታ ቶኪዮ ከገባች፣ ከሰዓት የሚነሳ አውሮፕላን አለ። ነገ ማታ እዚህ ናት። ቅዳሜ ትደርሳለች።”

“አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ! አሥራ ሦስት ሰዓት አየር ላይ ብቻዋን ታልቅስ? ማን ደግፎ ያውርዳት? እህቴን አጥቻለሁ፤ የእህቴን ልጅ ደግሞ ከሰማይ ልጣል?”

“ስትመጣ ብትሰማስ አታለቅስም?”

“ታለቅሳለች። ግን በእጃችን ላይ ታለቅሳለች።”

“የእናቷን ቀብር ግን አታይም።”

“አንተ ያባትህን ቀብር አይተሃል?” እትዬ ወለተሥላሴ እጃቸውን ወረወሩ። “ዐርባ ቀን ተደብቆህ አልነበረም? ምን ሆንክ? ይኸው አለህ! ሚስት አገባህ፣ ልጅ ወለድክ። ምን ጎደለብህ?”

 ሁሉም ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ከመክብብ አፍ ግን ሰምቶት የሚያውቅ የለም። ስለ ሚኒቫኗ ሁለት ሰዓት የሚያወራ ሰው ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ቃል ወጥቶት አያውቅም።

“ልንገርዎት” አለ። “ያን ጊዜ ነዳጅ ማደያ ነበር የምሠራው፣ ኖርክሮስ። በየሳምንቱ ደብረ ብርሃን እደውላለሁ። አባቴን አገናኙኝ ስል ‘ሰርግ ሄዷል’ ይሉኛል። በሚቀጥለው ‘ጠበል ወርዷል፣ ወገቡ ተሽሎት እንደ ጎረምሳ ሆኗል’ ይሉኛል። አንድ ቀን ወንድሜ ‘ትናንት ሰርግ ላይ ሲጨፍር አድሮ ዛሬ እንቅልፉን ለጥጧል’ አለኝ። እኔ ሳቅሁ። ሥራ ቦታ ለሁሉም ሰው አወራሁ፤ አባቴ በሰባ ዓመቱ አድሮ ጨፈረ እያልኩ። ጫማ ገዛሁለት። የሚጨፍርበት።”

የሚስቱን ፎቶ አየ።

“ጋሽ ገሠሠ በዐርባ ቀኑ ንጋት ላይ መጥተው አረዱኝ። በሥርዓቱ ነው፤ ይዘውኛል፣ አልወደቅሁም። ሞቱን አለቀስኩት፣ አለፈ። ያን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ምን እንደማደርገው አላውቅም። የጨፈረው ሰውዬ አፈር ውስጥ ነበር። አሁን የእኔ ልጅ እዚያ እናቴ ተሾመች እያለች ታጨበጭባለች። ይሄን ያደረግኋት እኔ ነኝ፣ እሺ? እኔ በዚህ አፌ።”

“መክብብ” አሉ ጋሽ ገሠሠ ቀስ ብለው። “ነገሩ ገብቶኛል። ግን ሥርዓቱ እንዲያው አልወጣም። ሰው ሲሰማ አጠገቡ ሰው ሊኖር ይገባል። ሰውነቱ ይከዳዋል። ስንቱን አይቻለሁ። ብቻዋን ናት።”

“ዛሬ ብቻዋን አይደለችም።”

“ማን አለ?”

“ያረፈችባቸው እናት አሉ። ኪሚኮ የሚባሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ የቀበሩ፣ ያለቀሱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ከዚያ አሥር ቀን ባቡር ላይ ናት፤ ያን ጊዜ ነው ብቻዋን የምትሆነው።”

“ቋንቋዋን የማያውቁ ጃፓናዊት!” አሉ እትዬ ወለተሥላሴ። “እሳቸው ናቸው የእህቴን መርዶ የሚያረዱልኝ?”

“የማረዳው እኔ ነኝ። እሳቸው ይይዙልኛል።”

እትዬ ወለተሥላሴ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ቃል ሳይሆን ለቅሶ ነበር። አጠገባቸው ያሉ ሴቶች አቀፏቸው።  ጋሽ ገሠሠ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ብድግ አሉ። ሲነሱ ያየ ሁሉ ምግቡን እያስቀመጠ ተነሳ፤ ሰው በንጋት መርዶ ሊያረዳ በር ላይ እንደሚቆም፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ እጁን አጣምሮ ቆመ። ስንት ሰው ነበር? መክብብ አልቆጠረም።

ደወለ። በቪዲዮ አይደለም፤ በድምፅ።

“አባ? ጉድ ሞርኒንግ! ልወጣ ነው፣ ጫማዬን እያደረግሁ ነው። መቃብሩ ጋ ደርሼ...”

“ቢታንያ። አጠገብሽ ማን አለ?”

“ምን?”

“ኪሚኮ ሳን አሉ?”

“ማድቤት ናቸው። ለመንገድ ሩዝ እየጠቀለሉልኝ ነው።” ድምፏ ቀጠነ። “ለምን? አባ፣ ለምን ትጠይቀኛለህ?”

እሷም የዚህ ቤት ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ሳሎን ውስጥ ሰዎች ስልክ ይዘው “አጠገብህ ማን አለ?” ሲሉ ሰምታለች፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። መክብብ በስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ሰማ።

“ጫማሽን አውልቂ የኔ ልጅ። ተመለሺ። ጥሪያቸውና አጠገብሽ ይቀመጡ።”

 የልጅቷ ድምፅ ተሰማ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ አጭር፣ የተሰበረ፤ የእንጨት ወለል ላይ የሚጣደፍ እግር፤ የአሮጊቷ ድምፅ፣ የሚጠይቅ፣ ደጋግሞ የሚጠይቅ።

“ተቀምጠናል” አለች ቢታንያ።

“እጅሽን ያዙሽ?”

“ይዘውኛል አባ።”

መክብብ ነገራት።